አይቡ አይጠብቅም

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝና ጆሯችሁን ስጡኝ። የዛሬው ነገሬ እውነት ነው። ከላሟ በረት ተነስቶ ጣባ ላይ ስለሚያርፍ፣ ባሕር ማዶም በሌላ ስምና በሌላ መልክ ስለሚገኝ ምግብ ላወጋችሁ ነው። ስለ አይብ።

ከሰላሌ እንነሳ። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ፣ እንጦጦን ከኋላ ትታችሁ፣ በሱሉልታና በጫንጮ በኩል ወደ ፍቼ ስታቀኑ ግራ ቀኙ የላም አገር ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱ ጠንካራ፣ ሣሩ የክረምቱን ውለታ የማይረሳ። እዚያ የምትኖር ባለሙያ እናት ወተት ሦስት ጊዜ እንደሚሰጥ ታውቃለች። መጀመሪያ ቅቤ ይሰጣል፤ ቀጥሎ አይብ፤ በመጨረሻ አጓት። ሦስቱንም ሳታባክን የምትቀበል ሴት በአገሩ ሙያዋ ይወራላታል፣ ልጇም ስትዳር የእናቷን እጅ አይታለች ተብሎ ይመሰከርላታል።

ሥራው ከዕቃው ይጀምራል። ቅሉ ወይም ገንቦው ታጥቦ ይደርቅና ይታጠናል። የወይራ እንጨት ተቀጣጥሎ ጭሱ ዕቃው ውስጥ ይታፈናል። ይህ ጭስ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስላችሁ፤ ወተት የሚያበላሹትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ያዳክማል፤ ወደ ዕቃው ግድግዳ ሰርጎ ገብቶም ይሰነብታል። ከዚያ የጠዋቱ ወተት በማታው ላይ፣ የዛሬው በትናንቱ ላይ እየተጨመረ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ደጋ ላይ ብርዱ ሲበረታ ከዚያም ይዘገያል። እርጎ ሲሆን ይናጣል። የምትንጠው ሴት ሥራዋን በጆሮዋ ትከታተላለች። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራምና የታፈነ ነው፤ ቅቤው መሰባሰብ ሲጀምር ይቀጥናል፣ ይለያል። ጆሮዋን ካላመነች በገንቦው ትንሽ ቀዳዳ ሰንበሌጥ ሰድዳ ታወጣለች። በሰንበሌጡ ላይ የቅቤ ፍንጣቂ ተጣብቆ ከመጣ ደርሷል ማለት ነው። ቅቤው ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ለብቻው ይቀመጣል። ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው፣ ለእንግዳ ክብር ለሙሽራ ፀጉር የሚፈለገው እርሱ ነውና የወተቱ በኩር ቅቤ ነው።

በዕቃው ውስጥ የቀረው አሬራ ነው። አንዳንዱ ቤት እንዲሁ ይጠጣዋል፤ እረኛ ሲመለስ በጣሳ ይቀዳለታል። አይብ የሚፈልግ ቤት ግን ምጣዱን ወይም ድስቱን ይጥድና አሬራውን ለስላሳ እሳት ላይ ያደርጋል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይጠነክራል፣ የተቃጠለ ወተት ጣዕም ይይዛል። እጅ ከበዛበትና ከተማሰለ ይበጣጠሳል። ዝም ብሎ ሲተው ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነጩ ከቢጫው ይለያል። አይቡ ከላይ ይሰባሰባል፤ አረንጓዴ ቢጫ የሚመስለው አጓት ከሥሩ ይቀራል። ወርዶ ይቀዘቅዛል፣ በጨርቅ ወይም በወንፊት ይጠለላል። ለገበያ የሚሄደው በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል። ቅጠሉ አይቡን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል፤ ገዢዋም ገልጣ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ትወስናለች።

በፈረንጆች 1980ዎቹ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ባለሙያዎች ይህን የእናቶች ሥራ በቴርሞሜትርና በሚዛን ተከታተሉት። ያገኙት ነገር እናቶችን የሚያኮራ ነው። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እስከሞቀ ድረስ የአይቡ መጠንም ይዘትም ብዙ አይለወጥም። ቴርሞሜትር በሌለበት ጎጆ በእጅ መዳፍ የሚለካው እሳት ከዚህ ክልል እምብዛም አይወጣም። 8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይወጣዋል። ከአይቡ አምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 15 ግድም፣ ስቡ ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ስቡ ቀድሞ በቅቤ ሄዷላ! እነዚሁ ባለሙያዎች በገንቦው ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት መናጫ ሠርተው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ግድም አወረዱት፣ የሚወጣውንም ቅቤ አበዙት። ለምትንጠው ሴት ትልቅ እፎይታ ነው። አይብ የሚወድ ሰው ግን ሌላውንም ያስባል፤ ቅቤው በደንብ በወጣ ቁጥር አይቡ ይገረጣል። ድሮ አንዳንድ ቤት የሚገኘው ለምለም፣ ምላስ ላይ የሚቀልጥ የሚመስለው አይብ ያ ሁሉ ለዛው ከመናጥ የተረፈ ቅቤ ነበር።

አሁን ወደ በላተኛው እንሂድ። ክትፎ ቤት ግቡና ስፔሻል ክትፎ እዘዙ። ጣባው ይመጣል። ክትፎው በቅቤ ረስርሶ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ታሽቶ፣ ከጎኑ ልሙ ጎመን፣ ከጎኑ ነጩ አይብ፣ በሌላ ሳህን ቆጮው ተቆራርጦ። ይህን ገበታ ያስተማሩን ጉራጌዎች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ አይብ የመስቀል ሰሞን ባለሟል ነው፤ ከዕርዱ ቀን ቀደም ብሎ በሚውለው የጎመን ክትፎ ምሽት ጎመኑ ደቅቆ ተከትፎ፣ በቅቤና በቅመም ታሽቶ ከአይብ ጋር ይበላል፣ ሥጋው ገና ሳይደርስ ቤቱ ይጠግባል። ልብ በሉ፣ አይቡ በጣባው ላይ ያለ ሥራ አልተቀመጠም። የሚጥሚጣውን ቃጠሎ የሚያመጣው ንጥረ ነገር በውሃ አይታጠብም፤ ውሃ የጠጣ ሰው አፉ እየነደደ ይቀራል። በአይብ ውስጥ ያለው ካሲን የተባለ የወተት ፕሮቲን ግን ያን ንጥረ ነገር ከምላስ ላይ አንስቶ ይዞት ይወርዳል። እናቶቻችን ካሲን የሚል ቃል ሳይሰሙ ከሚያቃጥለው ሁሉ አጠገብ አይብ አስቀመጡ። አንድ ጉርሻ ክትፎ፣ አንድ ቁንጥር አይብ፤ እሳቱና ማብረጃው በአንድ ጣባ።

እንዲያም ሆኖ ሁሉም ሰው አይቡን አንድ ዓይነት አይወደውም። አንዱ ሚጥሚጣ ነስንሶበት ብቻውን በእንጀራ ይበላዋል። ሌላው ኮሰረትና ኮረሪማ በገባበት ንጥር ቅቤ ያሸዋል። ጤና አዳም ቀንጥሶ የሚጨምርበት አለ። ወለጋ ብትሄዱ ጩምቦ ይቀርብላችኋል፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ በቅቤና በአይብ ርሶ፣ ድግስ ላይ በትልቅ ሳህን መሐል ተቀምጦ። ጎመን በአይብ ደግሞ በየቤቱ አለ፤ ለልጅም ለሽማግሌም የሚስማማ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የማስቀድመው የዶሮ ወጡን አይብ ነው። በዕለቱ የወጣ፣ አጓቱ ጨርሶ ያልተንጠፈጠፈለት፣ ምንም ያልተደባለቀበት፣ ከቀዩ ወጥ ዳር ላይ ጉብ ያለ። ቀዩን ወጥ ከነቁሌቱ በእንጀራ ታነሳና ነጩን ነካ ታደርጋለህ። ቅመም የበዛበት አይብ እዚህ ቦታ አይገባም፤ ወጡ ቅመሙን ጨርሶ ይዟልና የአይቡ ድርሻ ገርነት ነው።

የከተማ ልጆች በፒዛ ላይ የሚሳበውን ፎርማጆ ለምደዋል፤ ቁራሹን ሲያነሱት ክር ሠርቶ የሚከተለውን። አንዳንዱ ያን አይቶ የእኛን አይብ ያልተጨረሰ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። አይብ እሳት ላይ ብታስቀምጡት አይቀልጥም፤ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል እንጂ ክር አይሠራም። ምክንያቱ አረጋጉ ነው። የእኛ አይብ የሚረጋው በራሱ ኮምጣጣነትና በሙቀት ነው፤ ኮምጣጣው ወተቱን አያይዞ የነበረውን ካልሲየም ያሟሟዋል፣ የተረፈው ፕሮቲንም ሙቀት ሲነካው እየጨበጠ ይሄዳል። ሕንዶች ፓኒር የሚሉት አይባቸውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለዚህ ነው ቆራርጠው ወጥ ውስጥ ሲከቱት ሳይሟሟ የሚቆየው። የአውሮፓው ፎርማጆ በባህሉ የሚረጋው ግን ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ እርሾ ነው። እርሱ ካልሲየሙን ሳይነካ ወተቱን አንድ ወጥ ጄሊ ያደርገዋል፤ እሳት ሲያገኘው የሚለጠጠው ያ ነው። እንግዲህ መንገዱ የሚለየው ከመጀመሪያው ነው። በጨጓራው እርሾ የረጋው አይብ ሊጨመቅ፣ ጨው ሊጠጣ፣ ሊደርቅና ዓመት ሊቆጥር ይችላል።

እንዲህ ዓመት መቁጠር የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ጣሊያን ውስጥ አሉ፤ በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያና በሞዴና። የሚሠሩት ፓርሚጃኖ ይባላል። የማታው ወተት ሲያድር ከላዩ የተሰበሰበው ቅባት ይገፈፋል፣ ለቅቤ ይሄዳል። እዚያም ቅቤ የድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል! ከዚያ ያደረው ወተት ከጠዋቱ ሙሉ ወተት ጋር በትልቅ የመዳብ ጋን ይገናኛል። ይረጋል፣ ይደቅቃል፣ ይሞቃል፣ በጨርቅ ከጋኑ ይወጣል፤ በጨው ውሃ ውስጥ ሳምንታት ተኝቶ ወደ መደርደሪያው ይወጣል። አንዱ ክብ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይጠጣል። ሕጉ ከ12 ወር በፊት እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ብዙው ግን 24 ወር፣ 36 ወር ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ መርማሪ ይመጣል፤ በእጁ ትንሽ መዶሻ ይዟል። ክቡን ዙሪያውን እየመታ ያዳምጣል። ውስጡ ከተሰነጠቀ ወይም አየር ከቋጠረ ድምፁ ይነግረዋል። የሰላሌዋ እናት በጆሮዋ ቅቤ እንደምታውቀው የሞዴናው ሰው በጆሮው የአንድ ዓመት ሥራ ይፈርዳል።

ሁለት ዓመት መጠበቅ ግን ዋጋ አለው። ገበሬው ላሙን ዛሬ ይቀልባል፣ ለሠራተኛው ዛሬ ይከፍላል፤ ገንዘቡ የሚመጣው አይቡ ሲሸጥ ነው። ይህን ችግር የሚፈታ ባንክ አለ፤ ክሬዲቶ ኤሚሊያኖ ይባላል። አይቡን በመያዣነት ይረከባል፣ በራሱ መጋዘን ያስቀምጠዋል፣ ለባለቤቱም ብድር ይሰጣል። እኛ አገር ቤት ወይም መኪና ለብድር እንደሚያዝ እዚያ የአይብ ክብ ይያዛል። የባንኩ ሠራተኞች አይቡን ያገላብጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይጠብቃሉ። ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር ባንኩ በእጁ ያለው ነገር በየወሩ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ዕቃ ነው።

ታዲያ በፈረንጆች 2012 ግንቦት ወር ያን አገር የመሬት መንቀጥቀጥ አናወጠው። አንዴ በ20ኛው ቀን፣ ሌላ ጊዜ በ29ኛው። ሰው ሞተ፣ ቤት ፈረሰ፣ ፋብሪካ ተደረመሰ። የአይቡ መጋዘኖች ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተሞሉ ነበሩና አንዱ መደርደሪያ ሲወድቅ ሌላውን እየገፋ ተያይዘው ወደቁ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ክቦች መሬት ላይ ተከመሩ፣ ብዙዎቹ ተሰነጠቁ። የተሰነጠቀ ክብ ከዚያ በኋላ አይቆይም፤ ቶሎ ካልተበላ የዓመታት ልፋት ይበላሻል። ያን ጊዜ ማሲሞ ቦቱራ የተባለው የሞዴና ሼፍ አንድ ነገር አሰበ። ሮማውያን ፓስታን በአይብና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚሠሩበት የቆየ ምግብ አለ፤ እርሱ በፓስታው ቦታ የአካባቢውን ሩዝ፣ በሮማው አይብ ቦታ ፓርሚጃኖውን አደረገና አሠራሩን ለዓለም አሰራጨው። በጥቅምት ወር በአንድ ቀን ምሽት በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ያንን ምግብ በየቤታቸው ሠርተው በሉ፤ አይቡም ተሸጠ። ከሰማኋቸው የምግብ ታሪኮች ይህን የሚያህል የለም። ለችግረኛ ገንዘብ መለመን አላስፈለገም፤ ሥራውን ቀመሱለት።

ያም ሆኖ ስለ አይብ የሚባለው ሁሉ በፓርማ አያልቅም፤ ከእኛው ወገን ሌላ ነገር አለና። እዚያ አይቡ በላተኛውን ይጠብቃል። በእኛ አገር በላተኛው አይቡን ይጠብቃል። የእኛ አይብ በሳምንት ውስጥ ካልተበላ ይጎመዝዛል፣ ይበላሻል፤ እርሱ መቆየትን አያውቅም። መቆየትን የተማረው ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፤ ከሁሉ በላይ 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ። በእነዚያ ቀናት ከምእመኑ ቤት ቅቤም ወተትም አይብም ይወጣል። በቅበላው ሰሞን ድስቱ ሁሉ ይሟጠጣል፤ ከዚያ ሽሮና ምስር፣ ተልባና ሱፍ ይነግሣሉ። ስለዚህ የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ከዶሮው ጎን የሚቀመጠው አይብ በዓመት ውስጥ ከምንበላው ሁሉ ይለያል። ላሟ ያቺው ናት፣ አሠራሩም ያው፤ የሁለት ወር ናፍቆት ግን በበላተኛው ላይ ተጨምሯል። ፓርሚጃኖ በ24 ወር የሚያገኘውን ጥልቀት የፋሲካ አይብ በ55 ቀን ያገኛል ብል ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላሳያችሁ። ግሪኮችና ሩሲያውያን ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ያለችው የመጨረሻ ሳምንት በእነርሱ ሥርዓት የአይብ ሳምንት ናት። ሥጋው ተከልክሏል፤ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል ግን ሳምንቱን ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ይበላል። ሩሲያውያን ቀጫጭን ቂጣ በቅቤ እየቀቡ ይሰባሰባሉ፤ ግሪኮች መኮሮኒ በአይብ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ አይብ ይበላሉ። ያቺ ሳምንት በእኛ አቆጣጠር ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ዘወረደ ናት፤ ጾመ ሕርቃል የምትባለው፣ የሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት። እነርሱ አይብ በሚሰናበቱበት ቀን እኛ ጾሙን ጀምረናል። አንድ ፋሲካ፣ አንድ ሳምንት፣ አንዱ ሕዝብ በአይብ፣ አንዱ በሽሮ።

ይህ ሁሉ ግን ላም ለሚያልበው ገበሬ ቀላል አይደለም። ላሟ ጾም አታውቅም፤ ሁዳዴ ገባ ብላ ወተቷን አታቆምም። የከተማው ገዢ ይቀንሳል፣ ወተት ሰብሳቢውም መረከቡን ያሳንሳል። ቤቱ ወተቱን ይንጣል። ቅቤው ይነጠርና እስከ ፋሲካ ይቆያል፤ ዋጋም ያገኛል። አሬራው ግን? አይብ ቢሆን የሚበላው ልጆችና ከጾሙ ውጪ ያሉ ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ ቀሪው ለጥጃና ለውሻ ይሄዳል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያላቸው ጎጃሞች ናቸው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚሠራ በዕቃ የሚከርም አይብ አለ። ትኩሱ አይብ በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ይቀመጣል። በየጥቂት ቀኑ ከላዩ ወይም ከሥሩ የሚወጣው ኮምጣጣ አጓት ይንጠፈጠፋል፤ በቦታው ሌላ አዲስ አይብ ይጨመራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሌላም የቤቱ ቅመም ይገባበታል። እየተንጠፈጠፈ እየተጨመረ ሳምንታት ያልፋሉ። ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ለስላሳው ይጠብቃል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፤ ጥቂቱ ብዙ እንጀራ ያስበላል። ለክቡር እንግዳ፣ ለሠርግ፣ ለበዓል የሚወጣ ነው። ያለ ጥጃ ጨጓራ፣ ያለ ዋሻ፣ ያለ መዳብ ጋን፣ ውሃውን በትዕግሥት ከውስጡ በማውጣት ብቻ አይብን ማቆየት ተችሏል። እኔ ይህ አይብ በአዲስ አበባ ሱቆች ፕሮቮሎኔ ከተባለው ፎርማጆ ጎን ተቀምጦ፣ የመጣበት ወረዳ ተጽፎበት ማየት እፈልጋለሁ። ጣሊያኖች ፓርሚጃኖን በሕግ የአካባቢው ብቻ እንዳደረጉት ይህም የጎጃም እናቶች ስም ሊያዝበት ይገባል። እናቶቹ እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ የየቤቱ የቅመም ልክ ደግሞ በእጅ እንጂ በጽሑፍ አልተያዘም።

የቀረን አጓቱ ነው። በፓርማ አጓቱ ለአሳማ ይሰጣል፤ ታዋቂው የፓርማ የአሳማ ሥጋ ከዚያ ይወጣል። ኖርዌዮች ግን ለእንስሳ አልተዉትም። አጓቱን በትልቅ ድስት ለሰዓታት ያፈሉታል፤ ውሃው ይተናል፣ የወተቱ ስኳር ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ቡናማ፣ ጣፋጭ፣ ጠጣር ነገር ይሆናል። በፈረንጆች 1863 ግድም በጉድብራንድስዳል ሸለቆ የነበረች አነ ሆቭ የምትባል ሴት አጓቱ ላይ ክሬም ጨመረችበትና ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚበላው ቡናማ አይብ ተወለደ፤ የሸለቆው ገበሬዎችም ከችግር የወጡበት ንግድ ሆነ። ኖርዌዮች ይህን አይብ በወፍራሙ አይቆርጡትም። እንደ ወረቀት የሚልጥ መሣሪያ አላቸው፤ በፈረንጆች 1925 ሊለሃመር ውስጥ ቶር ብየርክሉንድ የተባለ አናጢ ከአናጢ መላጊያው ሐሳብ ወስዶ የሠራው ነው። ስስ ልጣጩን ዳቦ ላይ ወይም ትኩስ ዋፍል ላይ ያደርጋሉ። አይቡ ስብና ስኳር የበዛበት በመሆኑ ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ በፈረንጆች 2013 ጥር ታየ። በሰሜን ኖርዌይ በአንድ የተራራ ዋሻ መንገድ ውስጥ 27 ቶን ቡናማ አይብ የጫነ መኪና እሳት ተነሳበት፤ እሳቱም ለቀናት አልጠፋም። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ይህን ስሰማ ያሰብኩት በየጎጆው የሚደፋውን አጓታችንን ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ።

ከአገር የወጡትን ወገኖቻችንን ሳላነሳ ብጨርስ ደግሞ ይቀየሙኛል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በየምግብ ቤቱ ክትፎ ያለ አይብ አይቀርብም። ላም በሌለበት አይቡ ከየት መጣ? በየሱፐርማርኬቱ በካርቶን የሚሸጥ አሬራ አለ። የእኛ ዓይነት አሬራ አይደለም፤ ቅቤ ወጥቶለት የቀረ ሳይሆን እርሾ ተጨምሮበት የኮመጠጠ ወተት ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ ግን በእሳት ይረጋል፣ የሚፈለገውም ያ ነው። ከሱቅ አይብ የሚገዙም አሉ፤ የግሪኩን ፌታ ወይም የጣሊያኑን ሪኮታ። ስለ ፌታ ሐሳቤን ልስጥ፤ ጨዋማ ነው፣ ከክትፎው ጎን ሲቀመጥ ቅቤውን ይጋፋዋል፣ አይሆንም። ሪኮታ ወደ አይባችን ይቀርባል፤ ግን ይጣፍጣል፣ የእርጎው ኮምጣጣነት የለውም፤ የሎሚ ጠብታ ካልታከለበት የዶሮ ወጥ አይቀበለውም። ስለዚህ የምትችሉ በቤታችሁ አውጡት። ሁለት ካርቶን አሬራ በሰፊ ድስት አድርጉ፤ እሳቱን ዝቅ፤ ማማሰያውን አርቁ። ነጩ ከቢጫው ሲለይ አውርዱትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ በትኩስነቱ ያጠለለ ሰው አይቡ ይደርቅበታል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጨርቁን አትጨምቁት፣ በራሱ ይንጠፍጠፍ። ለዶሮ ወጥ ከሆነ እርጥብ እንዳለ አንሱት፤ ለክትፎ ከሆነ ትንሽ አቆዩት። አጓቱን አትድፉት፤ በማግስቱ የምታቦኩትን የድፎ ዳቦ ሊጥ በውሃ ፋንታ በእርሱ ለውሱት፣ ኮባ ካገኛችሁም ከሥሩም ከላዩም አልብሱት።